ስፒል በከንፈሯ

አባቴ የሚከራይ ቤት ሲያይ ጣሪያው ያፈሳል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ውሃ ስለመኖሩም አይጨነቅም። ገና እንደገባ ግድግዳ ያንኳኳል። ሐኪም የታማሚ ጀርባ እንደሚያንኳኳው በጣቶቹ መገጣጠሚያ ከአንዱ ጥግ ጀምሮ እስከ ሌላው ጥግ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ጆሮውን ለጥፎ ይቆያል። አከራዮቹ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ መስኮት መስኮቱን ትመለከታለች። ለስፌት መኪናዋ የምትፈልገው ብርሃን ነው።

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ማለቴ፣ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት እንዳለ ያኔ የነገረኝ ሰው የለም። አባቴ የዜማ ደራሲ ነው። ቤታችን ውስጥ ፒያኖ አለ። ፒያኖ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ አከራይ ያስወጣል። ስለዚህ አባቴ የሚያንከራትተን ወፍራም ግድግዳ ፍለጋ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጊዜ ግድግዳው ክንድ የሚያክል የድንጋይ ቤት አየን። እናቴ የመስኮቱን ብርሃን ወድዳው ሳለ አባቴ "ይሄ ምሽግ እንጂ ቤት አይደለም" ብሎ ትቶት ወጣ። በሳምንቱ ሁለት ክፍሎቹ በኮምፔንሳቶ ብቻ የተለያዩ፣ ወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ "ይማርህ" የሚባልበት ቤት ገባን። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ያመንኩትን ነገር በማስረጃ የምለቅ ልጅ አልነበርኩም።

አባቴ "ዳኛዬ" ይለኝ ነበር። ስህተት አላሳልፍም። እንግዳ ታሪክ ሲያወራ ቀኑን ከሳተ አርመዋለሁ፤ ጎረቤት ተረት ሲያዛባ አቋርጬ አስተካክለዋለሁ። አሁን አስተማሪ ሆኜ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ መዋሌ የሚገርመው ሰው የለም።

ዙረቱ ከመጀመሩ በፊት የኖርነው ከአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ ነበር። ቀኑን ሙሉ መጋዝ ይጮሃል፤ መስኮት ከተከፈተ ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ብናኝ ይተኛል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ መሃሉ በሳንቃ ተጋርዷል። ወዲህ መስኮቱ ሥር የእናቴ የስፌት መኪና፣ ወዲያ የአባቴ ፒያኖ። ሳንቃው ላይ አንዲት ዓይን የምታክል ቀዳዳ ነበረች። እሷ የኔ ናት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈር ሴቶችን ቀሚስ ትሰፋለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ቴአትር ቤቱ ሲጣደፍ የተዋንያኑንም ልብስ ትይዛለች። ደንበኛዋን ወንበር ላይ ታቆምና ራሷ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ እያጠፈች በስፒል ታያይዘዋለች። ስፒሎቹ የሚቀመጡት በከንፈሯ ቀኝ ጥግ ነው፤ ተደርድረው። የስፒል ማኖሪያ ትራስ አክስቴ ሰጥታት ነበር፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። በስፒሎቹ መሃል ስታወራ የሚናገረው አፍንጫዋ ብቻ ይመስላል። ታንጎራጉራለችም። አፏን ሳትከፍት፣ ሰው ሳያውቀው እንደሚተነፍሰው፣ ሳታውቀው።

አባቴ ስለ ሥራው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። "ትልቅ ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች አሉ" ይላል፤ "ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማው። እግዜር ይስጣቸው። እኔ የምሠራው ሰው ሰሃን እያጠበ የሚያንጎራጉረውን ነው። ሰሃን እያጠቡ የማይንጎራጎር ዜማ እኔ ዘንድ ዜማ አይደለም።"

አሠራሩም እንዲህ ነበር። ከምሳ በኋላ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ አዲሱን ዜማ አንዴ ወይም ሁለቴ ይጫወተዋል። ከዚያ ክዳኑን ይዘጋል። ከዚያ ዝም። በቀዳዳዬ ሳየው ወንበሩን ወደ ሳንቃው አዙሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እርሳሱን በጣቱ እያሽከረከረ ይቆያል። ወዲህ የእናቴ የስፌት መኪና ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። ትንሽ ቆይታ እናቴ ያንኑ ዜማ ማንጎራጎር ትጀምራለች።

ታበላሸዋለች። እኔ ዜማውን አንድ ጊዜ ከሰማሁ ልቅም አድርጌ እይዘዋለሁና ስህተቷን ከመነሻው ነው የማውቀው። አጭሩን ታስረዝማለች። መውጣት ያለበትን ታወርደዋለች። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ልክ ዜማው ሽቅብ ሊል ሲዘጋጅ መሃሉ ላይ ቀጥ ትላለች። ዝም። ልቤ ይንጠለጠላል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች።

"እማዬ፣ ተሳሳትሽ።"

"ምኑን?"

"ዜማውን። አባዬ እንዲህ አይደለም የተጫወተው።" ትክክለኛውን እዘፍንላታለሁ።

"የምን ዜማ?" ትላለች በስፒሎቹ መሃል። "እኔ እየሰፋሁ ነው።"

ከሳንቃው ወዲያ የአባቴ ድምፅ ይመጣል። "ዳኛዬ፣ ተያት። ሥራዋን ትሥራበት።"

አዘንኩለት። የደከመበትን ነገር ሚስቱ ጆሮው ሥር እያጣመመችበት ችሎ የሚቀመጥ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። አንገቱን የሚደፋውም ብሽቀቱን እንዳላይበት ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ከርመን የጃንጥላ ሻጯ ቴአትር መጣ። ዝናብ በማይዘንብበት ከተማ ጃንጥላ ስለምትሸጥ ሴት የተሠራ፣ ሙዚቃው በሙሉ የአባቴ የሆነ ቴአትር ነው። የቴአትር ቤቱን ዳይሬክተር እኛ ቤት ጋሽ ቶሎ እንለው ነበር፤ "ቶሎ በል" ሳይል የጨረሰው ዓረፍተ ነገር ስለሌለ። እናቴ እስከዚያ ድረስ የአባቴን ሥራ ከፊት ተቀምጣ አይታ አታውቅም። ሁልጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ የተተረተረ ስትሰፋ ነው ቴአትሩ የሚያልቅባት፤ ከዚያ ሆኖ ደግሞ የሚሰማው ኮቴና ጩኸት ብቻ ነው። ያን እሁድ ከሰዓት ግን ጋሽ ቶሎ ሦስት የክብር ወንበር ሰጠን። እናቴ ለራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መሃል ተቀመጠች። አባቴ ወንበሩን ትቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ የመጀመሪያ ቀን መቀመጥ አይችልም።

ጃንጥላ ሻጯ ብቻዋን የቀረችበት ቦታ ደረሰ። ዘፋኟ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ዘፈኑን ጀመረች፤ ዜማው ሽቅብ ሊል ሲዘጋጅ ቀጥ አለች። አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ከኋላችን አንድ ሰው "እህ" አለ፣ ከሆዱ። ከዚያ ቀጠለች።

"እማዬ" አልኳት በሹክሹክታ፣ "እሷም ተሳሳተች። ልክ እንዳንቺ።"

ቀና ብዬ ሳያት ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ቀኝ ጥግ ላይ አድርጋለች፤ አንድ ነገር ከዚያ ልታወጣ እንደፈለገች ሁሉ። ምንም የለም እዚያ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጣቷ አልወረደም። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ፣ አባቴን መድረክ ላይ ጎትተው ሲያወጡት፣ እሱም በዓይኑ እኛን ሲፈልግ፣ እሷ እንደዚያው ቆማ ነበር።

ነገሩን እንደ ጉንፋን ነው የተረዳሁት። እናቴ የዘፋኟን ቀሚስ ልትለካ ሄዳ ስህተቷን አጋብታባታለች። ለአባቴ በጣም አዘንኩ፤ ሰው ለማጽናናት ብቻ እንዳጨበጨበለት ገመትኩ።

ቤት ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እየፈታች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ" አለ አባቴ።

"ሁሉንም?"

"ሰው የወደደውን ሁሉ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትተያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

እናቴ አንዱን ጫማ እጇ ላይ እንደያዘች፣ "አሁንስ ምን ላድርግ?" አለችው፤ ቁጣ አልነበረባትም። "ያወቅሁትን አላውቅም ልበል?"

ስለ ዘፋኟ ልብስ የሚያወሩ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ማንጎራጎር አቆመች። መኪናው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል፤ ከዚያ በቀር ምንም የለም። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። በሰው ፊት አፍራ ተማረች፣ ጨዋ ሆነች አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቤቱ አልቀመጥ አለኝ። መጽሐፍ እጀምራለሁ፣ እተዋለሁ። ውጪ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እናቴም ስፒሉን በከንፈሯ ትይዝና መልሳ ትተፋዋለች። የአክስቴን ትራስ ከመደርደሪያው አውርዳ አቧራውን አራገፈችው።

ውጪ ግን ከተማው ያበደ ይመስል ነበር። የአውቶቡስ ረዳቱ የጃንጥላ ሻጯን ዘፈን ያፏጫል፤ መሰንጠቂያው ውስጥ ሠራተኞቹ እንጨት እየተቀባበሉ ያፏጩታል፤ ሁሉም እዚያች ቦታ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። አባቴን መንገድ ላይ ሰው ያቆመዋል። እሱ ባርኔጣውን ነካ ያደርግና አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሰው ትሕትና ይለው ነበር።

ጋሽ ቶሎ ለቀጣዩ ቴአትር ዘፈን ፈልጎ መጣ። አባቴ አዲስ የሠራውን ተጫወተለት። ጋሽ ቶሎ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"እንከን አይወጣለትም" አለ።

"እንግዲያውስ?"

"እንከን አይወጣለትም አልኩህ እኮ። ችግሩ እሱ ነው። ያቺ ነገርህ የታለች? ያቺ ቆም የምትለው?"

አባቴ እንደገና ተጫወተ፤ መሃል ላይ ቆም አለ። ሰው ደረጃ ስቶ የተደናቀፈ ይመስል ነበር። ጋሽ ቶሎ ባርኔጣውን አደረገ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ "ቶሎ በል፤ እኔ እጠብቅሃለሁ፣ ሕዝብ ግን አይጠብቅም" አለው። አኮርዲዮን የሚጫወት አንድ ልጅ ደጅ እየጠናው እንደሆነም ጣል አድርጎ ሄደ።

ያኔ ነው መዞር የጀመርነው። አባቴ ነገሩን በቤት አሳበበ። መጀመሪያ መጋዙ ነው ችግሩ አለ። ከዚያ እርጥበቱ። ከዚያ የመስኮቱ አቅጣጫ። ከዚያ ሰፈሩ ራሱ። የፒያኖ ተሸካሚዎቹ ሲያዩን ገመዳቸውን ሳንጠራቸው ማዘጋጀት ለመዱ። አንደኛው "ጋሼ፣ ይሄ ፒያኖ እግር ካወጣ እኮ እኛ ሥራ ፈታን" ይለዋል። ሳጥኖቹን መፍታት ተውን፤ ካልሲ ስንፈልግ እጃችንን ከትተን እንዳብሳለን። በየቤቱ እናቴ መኪናዋን መስኮት ሥር ታስቀምጣለች፤ በየቤቱ አባቴ ከምሳ በኋላ ይጫወታል፣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ይጠብቃል። ምንም አይመጣም። አከራዮቹ ውጡ አይሉንም፤ እንዲያውም አንዷ ስንለቅ አለቀሰች። እሷንም በልቤ አስመሳይ አልኳት።

ብልሃትም አያልቅበትም ነበር። አንድ ሰሞን ለእናቴ ሬዲዮ ገዛላት። ሌላ ሰሞን ከምሳ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ማንኮራፋት ጀመረ። እናቴ መቀሷን አስቀምጣ ለአፍታ ሰማችውና፣ "አባትሽ ሲያንኮራፋ እንኳ ምቱን አይስትም" አለችኝ። "እውነተኛ እንቅልፍ እንዲህ ልክ አይጠብቅም።" ልትስቅ ብላ ተወችው።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ዕቃ ልታስተካክልልን የመጣች ቀን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ሰማኋቸው።

"ምን ጎደለሽ ነው የምልሽ" ትላለች አክስቴ። "አይጠጣ፣ አይማታ።"

"ምንም አልጎደለኝም።"

"እንግዲያው ስምሽን ያስጽፍልሽ። ከስሙ ጎን ይግባ።"

"አስጽፍልሻለሁ ብሎኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ልብስ ሰፋሁ እንጂ ዜማ አልሠራሁም።"

"የአብዬን ወደ እምዬ ሲሉ ነበር የምሰማው። እዚህ ቤት ደግሞ የእምዬን ወደ አብዬ ሆነ።"

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "እትዬ፣ ስሜን አይደለም የወሰደብኝ። ድሮ ስሰፋ ቀኑ ሳላውቀው ነበር የሚያልፍልኝ። ድካም አላውቅም ነበር። አሁን ከንፈሬ ላይ አንድ ነገር ሊመጣ ሲል፣ ይሄኔ ከግድግዳው ወዲያ እርሳሱን አነሳ እላለሁ። ወዲያው ይጠፋል። ቀኑ አላልቅ አለኝ።"

"ንገሪው እንጂ።"

"ምን ብዬ? አትስማ ይባላል? እንጀራው እኮ ነው። ሆድ ይፍጀው።"

ከጠረጴዛው ሥር የገባኝ እናቴን የፒያኖው ድምፅ እንዳስቸገራት ነው። ያኑ ዕለት አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ "አባዬ፣ በቃ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቤት እንፈልግ፤ እማዬ እንዳንሰማት" አልኩት። አነጋገሬ ተዛብቶብኝ ነበር፤ "እንዳትሰማን" ልል ነው። ላርመው ስል ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ነገሩ የተገለጠልኝ አድጌ፣ የሰርግ ቀሚሴን እናቴ ስትለካልኝ ነው። ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፤ እሷ እግሬ ሥር ተንበርክካ ጫፉን ታጥፋለች፤ ታንጎራጉራለች። ዜማው ሽቅብ ሊል ሲዘጋጅ እጇ ወደ ከንፈሯ ሄደ። ዝም አለች። ስፒሏ ወጣች፣ ጨርቁ ውስጥ ገባች፣ እናቴ ቀጠለች። ከተማውን በሙሉ ትንፋሽ ያስያዘችው ዝምታ አንዲት ስፒል ከከንፈር ወጥታ ቀሚስ እስክትወጋ የምትፈጅ ጊዜ ነበረች። ወንበሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እናቴ ሙሽራ ሁሉ ያለቅሳል ብላ መሐረቧን አቀበለችኝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ወጣት የሙዚቃ ሰው በሬዲዮ ቀርቦ ያቺን ዝምታ "የትውልዱ ሲቃ" ብሎ ሲተነትናት ሰማን። እናቴ "ጎሽ" አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

በልጅነቴ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው በመጨረሻ የገባንበት ቤት ውስጥ፣ የብረት በርና የውጪ ደረጃ ያለው ቤት ነው፣ አባቴ አዲስ ጠባይ እንዳመጣ ነው። ከምሳ በኋላ ፒያኖው ጋ መሄድ ተወ። ኮቱን ይለብሳል፣ ይላጫል፣ "ሄድኩ" ብሎ ይጮሃል። ደረጃውን እየደበደበ ይወርዳል። የብረቱን በር ጎረቤት እስኪሰማ ይዘጋዋል። ከመንገድ ላይ ደግሞ ያስላል፣ አላፊውን ሁሉ ጮክ ብሎ ሰላም ይላል፤ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል።

ይሄኔ ጋሽ ቶሎ የመጨረሻ ቀን ቆርጦለት ነበር። ዓርብ ዘፈን ይዞ ካልመጣ ቴአትሩ ለአኮርዲዮኑ ልጅ ይሰጣል። ዓርብ እየቀረበ አባቴ ሥራውን ትቶ ተላጭቶ የሚወጣው የት ነው? የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አባቷ ተላጭቶ መውጣት ያበዛ ጊዜ ምን እንደተገኘ ነግራኛለች። ሌላ ሴት አለች ማለት ነው። ተከተልኩት።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አውቶቡስ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሱ አይነሳም። ሴትየዋ በአውቶቡስ ነው የምትመጣው አልኩ። አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። አባቴ ጉልበቱን በጣቱ እየደበደበ፣ አሥሬ ሰዓቱን እያየ፣ ሲነሳ ሲቀመጥ ይውላል። ቀጠሮ የማታከብር ሴት ናት ብዬ ተናደድኩባት።

ሐሙስ ዕለት ብርድ ስለነበር ሹራቤን ልወስድ ከመንገድ ተመለስኩ። ደረጃው መሃል ስደርስ ሰማሁ። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዩኒፎርም እየጠቀመች ታንጎራጉራለች። ዜማው የአባቴ አይደለም። የማንም አይደለም። ከዚህ በፊት ያልሰማሁት ስለሆነ የማነጻጽረው ነገር አጣሁ፤ ማረም አልቻልኩም። ሽቅብ ሊል ሲል ቀጥ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደድኩም። ዝምታው ውስጥ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትቀጥል መላ ሰውነቴን ወረረኝ።

ሹራቡን ረሳሁት። ወደ አግዳሚው ሮጥኩ። ነገ ዓርብ ነው፤ አባቴ ዘፈን የለውም፤ እኔ አለኝ። አንድ ጊዜ የሰማሁትን አልረሳም።

"አባዬ፣ እማዬ አንጎራጎረች።"

ከተቀመጠበት ተነሳ። እዚያ ምን እንደምሠራ እንኳ አልጠየቀኝም። "መቼ?"

"አሁን። ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማኋት። አዲስ ነው፤ ያንተ አይደለም። ይዤዋለሁ፣ ልዝፈንልህ?"

አልመለሰልኝም። ዝምታውን እሺ አድርጌ ወሰድኩትና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ድምፅ ከአፌ ሲወጣ አባቴ እጁን አፌ ላይ ጫነው። እጁ እርሳስ እርሳስ ይሸታል። አልተቆጣም።

"እንዳታሰሚኝ" አለኝ።

"ስህተት የለበትም እኮ" አልኩ በጣቶቹ መሃል።

"አውቃለሁ።"

"በጣም ያምራል።"

"አውቃለሁ አልኩሽ፣ የኔ እናት።" ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "እኔና አንቺ ምንም አልሰማንም። ለእሷም ሰማሁሽ እንዳትያት። በጭራሽ።"

አውቶቡስ መጣና ቆመ። አባቴ የቤታችንን አቅጣጫ አየ፣ እኔን አየ። "ነይ" አለና ጎትቶ አሳፈረኝ። የትም ጉዳይ አልነበረንም። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደን፣ ሳንወርድ በዚያው አውቶቡስ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀም። ዜማው የራሱ ስላልሆነ ኮርቶ ነው ያልሰማኝ ብዬ አኮረፍኩ። ቤት ስንደርስ ከብረቱ በር ጀምሮ እያሳለ፣ ኮቴውን እያስጮኸ ነው የገባው።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ቶሎ ዘንድ ሄዶ "የለኝም" አለው። ቴአትሩን የአኮርዲዮኑ ልጅ ሠራው፤ ተወደደለት። አባቴ አንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ፒያኖውንም ወደዚያው አስወሰደው። ተሸካሚዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። እኔ አልቅሼ ነበር፤ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ፒያኖው ከመንገዱ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ በኋላ ቤት አልቀየርንም። ሳጥኖቹን ፈታን። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከሩቅ አንድ የማይረባ ዘፈን ጮክ ብሎ እየዘፈነ ይመጣል፤ እናቴ ስትሰማው ዝም ትላለች፤ በር ይከፈታል፣ "ደህና ዋልሽ" ይላታል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ገባ።

ሲሞት ጋዜጣ ላይ ወጣ። በአንድ ዘፈን ገንኖ ምንጩ የደረቀበት ደራሲ ብለው ጻፉ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር። ግን ምን ብዬ ላርመው? በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አፌ ላይ የነበረውን እጅ ለማን ልናገር?

እናቴ አሁን አርጅታለች። መኪናዋን ትታለች፤ የልጆቼን ሱሪ ጫፍ በእጇ ታጥፋለች፤ ስፒሉ ዛሬም በከንፈሯ ነው። ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን እኔ ሰሃን ሳጥብ እሷ ሳሎን መስኮቱ ሥር ትሰፋ ነበር። ቧንቧው ይፈሳል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳላስበው ያ የደረጃው ዜማ ወጣኝ። ለማንም አሰምቼው አላውቅም ነበር። መውጣቱንም ያወቅሁት ድምፅዋ ከሳሎን ሲመጣ ነው።

"ተሳሳትሽ።"

"ምኑን?"

"እሱ እዚያ ጋ ቆም ይላል።"

እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። "የማን ነው ይሄ ዜማ፣ እማዬ?"

"የአባትሽ ነው" አለች፤ "የማን ይሆናል።"

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ማንጎራጎር ቀጠለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ያቺ ቦታ ስትደርስ ቀጥ አለች። እኔ ቧንቧውን አልዘጋሁም። የታጠበውን ሰሃን መልሼ ማጠብ ጀመርኩ፤ እያጋጨሁ፣ እየሰማኋት እንደሆነ እንዳታውቅ።